የግቢያችን ዋይፋይ አድሚን ማን ነው?

ሆሳዕና ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላውን የሚጠይቃቸው ነገሮች ድሮ ሁለት ነበሩ። ውሃ ይመጣል ወይ? ቆጣሪው የብቻ ነው የጋራ? አሁን ሦስተኛ ተጨምሯል፤ ዋይፋይ አለው ወይ? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ሻንጣውን ይዞ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ደግሞ ቀድሞም ነበረ። ጎፈር ሜዳ ሂዱ፣ ሴች ዱና ሂዱ፣ በአንድ በር ገብታችሁ ስድስት ሰባት ሰርቪስ ቤት ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ለሁሉም ያለው ራውተር ግን አንድ ነው። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም ወደዚያው እየሄዱ ነው።

አራተኛውን ጥያቄ ግን ማንም አይጠይቅም፤ የራውተሩ አድሚን ማን ነው?

ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት በር እንኳ አላለፍኩም። ግን ከምረቃ በኋላ በኖርኩባቸው ግቢዎች ሁሉ ከኪራይ ቀጥሎ ብዙ ኩርፊያ ያየሁት በዋይፋይ ነው። የኩርፊያውን ሥር ስፈልግ ደግሞ ሁሌም የምደርሰው አንድ ቦታ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው አረንጓዴ መብራት የምታበራ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ማዘዝ የሚችለው ማን ነው?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። መስመሩ በአንድ ሰው ስም ይገባል፤ በአከራይዋ ወይም ቀድሞ በገባው ተከራይ። ወርሃዊ ክፍያው በቤት ቁጥር ይካፈላል። ለየራስ የሞባይል ፓኬጅ እየገዙ ቪዲዮ ከማየት በብዙ ስለሚረክስ፣ ጠብ ቢበዛም ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው የለም። ችግሩ የሚጀምረው ማታ ነው። ዩቲዩብ ራሱ የሚሰጠው መለኪያ በ480 ጥራት ለማየት በሰከንድ 1.1 ሜጋ ቢት፣ በ720 ለማየት 2.5፣ በ1080 ለማየት ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል ይላል። ግቢያችሁ ያስገባው 10 ሜጋ ነው እንበል። ሁለት ሰው በ1080 ፊልም ከከፈተ በቃ፣ አለቀ። ሦስተኛዋ ሴትዮ ጆሃንስበርግ ካለው ወንድሟ ጋር በቪዲዮ እያወራች ከሆነ የወንድሟ ፊት አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ቤት ደቡብ አፍሪካ ሰው አለው፤ የእሑድ ማታ ስልክ የቤተሰብ ጉባኤ ማለት ነው። የቤት ሥራው፣ የእህት ትምህርት፣ የአባት ሕክምና ውሳኔ የሚያገኘው በዚያች ስልክ ነው።

ኔቱ ሲንቀራፈፍ የሚሰጠው መድኃኒት የታወቀ ነው፤ "ፓስወርዱ ይቀየር!" ይቀየራል። ሁለት ቀን ይፈጥናል። በሳምንቱ እንደገና ያዘግማል፤ ምክንያቱም አጥር ማዶ ያለው ሰፈር ተመልሶ ገብቷል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ስልካችን የዋይፋዩን ፓስወርድ ወደ ኪውአር ኮድ ቀይሮ ያሳያል። ጎረቤት ካሜራውን ይደግናል፣ ገባ። "እኔ ለማንም አልነገርኩም" ብሎ የሚምለው ተከራይ አልዋሸም። አልነገረም፣ አሳየ።

ይሄ ሁሉ ግብግብ ግን በተሳሳተው ፓስወርድ ላይ ነው። ራውተር ሁለት ፓስወርድ አለው። አንዱ ስልካችንን ዋይፋይ ላይ ለማስገባት የምንጽፈው ነው። ሁለተኛው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ሴቲንጉን ለመለወጥ የሚያገለግለው የአድሚን ፓስወርድ ነው። የመጀመሪያው የበር ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ያለው ሰው ደግሞ ቁልፍ ቀራጩ ራሱ ነው፤ ጋኑን ይለውጣል፣ ለፈለገው ያስቀርጻል፣ የቤቱን ባለቤት ውጭ ያሳድራል። ስለ በር ቁልፍ ስንጨቃጨቅ ቁልፍ ቀራጩ የቱ እንደሆነ አናውቅም።

እስቲ አሁን ስልካችሁን አውጡና ሞክሩት። ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኛችሁ የሞባይል ዳታውን አጥፉ፤ ካልጠፋ አንዳንድ ስልክ በዳታው ይሄድና ገጹን አያገኘውም። ከዚያ ክሮም ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ጻፉ። አብዛኛው የዜድቲኢ ራውተር በዚህ ይከፍታል። የሁዋዌ የፋይበር ሣጥን ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ነው፣ ሲም የሚወስደው የሁዋዌ ዋይፋይ 192.168.8.1፣ ከሱቅ የተገዛ ቲፒሊንክ ደግሞ 192.168.0.1 ሊሆን ይችላል። ሁሉም እምቢ ካለ ስልካችሁ ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ተጫኑና "ጌትዌይ" የሚለውን ቁጥር እዩ፤ እሱ ነው። ገጹ ሲከፈት ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ራውተሩን ገልብጣችሁ ብታዩ ጀርባው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል። በብዙዎቹ አሮጌ ሣጥኖች ላይ ደግሞ ዩዘርኔሙም "አድሚን"፣ ፓስወርዱም "አድሚን" ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህንን ለማድረግ ያስፈለጋችሁ ከዋይፋዩ ጋር መገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ ኪውአር ኮዱን ስካን ያደረገው የጎረቤት ልጅም ይችላል።

ራውተሮች ውስጥ ያለው አካውንት እንደየሥሪቱ ይለያያል። በብዙ የዜድቲኢና የሁዋዌ ሣጥኖች ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ታችኛው የደንበኛው ነው፤ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ይቀይራል፣ የተገናኙትን ስልኮች ያያል፣ ብሎክ ያደርጋል። ላይኛው የቴክኒሻኑ ነው፤ መስመሩ ራሱ ከቴሌ ጋር የሚገናኝበትን ሁሉ ይነካል። ለቤት ሰው ታችኛው ይበቃዋል። ላይኛውን የሚያሳድዱ ልጆች አሉ፤ ፓስወርዱን ከኢንተርኔት ፈልገው ያገኙታል። ካገኙት በኋላ የሚያደርጉት ነገር ሲጠፋቸው አንዱን ሳጥን ምልክት ያነሡለታል፣ በማግስቱ ግቢው በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይነጋለታል።

ሆሳዕና በኖርኩበት አንድ ግቢ የሆነውን ልንገራችሁ። ማታ ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ኔቱ ለሁሉም ይጠፋል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመለሳል። ለስንት ሳምንት ጥፋቱ የቴሌ ነው ተባለ፤ 994 ደውሎ ያልተነጫነጨ አልነበረም። አንዲት ጎረቤታችን በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ እያለች ተቋረጠባት፤ ሌላ ቀጠሮ ለመነች፣ በሁለተኛውም ተቋረጠባት። ሦስተኛ ጊዜ የሚታገሥ ቀጣሪ አልነበረም። ነገሩ የታወቀው አንድ ማታ ኔት ለሁሉም በጠፋበት ሰዓት ከአንዱ ቤት "ጎል!" የሚል ጩኸት ሲሰማ ነው። ልጁ የአድሚኑን ገጽ ከፍቶ፣ የሁላችንንም ስልክ ብሎክ አድርጎ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በጥራት ይከታተል ነበር። ሲጨርስ ይፈታናል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፋትም አልመሰለውም። "ቻናል የመቀየር ያህል ነው" ነበር ያለው።

እንደ ቻናል መቀየር ግን አይቆጠርም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ፣ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ፣ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ አለው። ራውተር ደግሞ ስክሪን የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የግቢ ልጅ ይከሰስ እያልኩ አይደለም። "ፓስወርዱ አድሚን ስለሆነ ገባሁ" የሚለው ምክንያት "በሩ ስላልተቆለፈ ገባሁ" ከሚለው እንደማይለይ ግን ይታወቅ።

ኳስ የሚያይ ልጅ ቀላሉ ነው። ከባዱ ምንም ሳያጠፋባችሁ የሚገባው ነው። ራውተራችሁ ውስጥ ዲኤንኤስ የሚባል ሴቲንግ አለ። ሥራው የስልክ ማውጫ መሆን ነው፤ እናንተ የድረ ገጹን ስም ስትጽፉ እሱ ቁጥሩን ያወጣል። ማውጫውን የቀየረ ሰው "ባንክ" ብላችሁ ስትደውሉ ራሱ ጋ ያስነሣዋል። ይሄ በብራዚል በትልቁ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ሌቦች ወደ 4.5 ሚሊዮን በሚጠጉ የቤት ኤዲኤስኤል ሞደሞች ውስጥ ገብተው ዲኤንኤሱን ለወጡት። ሰዉ የሚያውቃቸውን ድረ ገጾች ስም ጽፎ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ያርፍ ነበር። ኮምፒውተሩን ቢያጸዳ፣ ቢያስፈርምት ለውጥ የለም፤ በሽታው ያለው ማንም በማያየው ሣጥን ውስጥ ነው። ዛሬ የባንክ አፖችና ድረ ገጾች በምስጠራ ስለሚሠሩ ይህ ማጭበርበር ከድሮው በጣም ከብዷል። ስለዚህ ክሮም "ይህ ግንኙነት የግል አይደለም" ብሎ ቀይ ሲያሳያችሁ "ይለፍ" የሚለውን አትጫኑ፤ በተለይ ገንዘብ ያለበት ገጽ ከሆነ።

ሌላው ታሪክ የእኛ ዕድሜ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ራውተርና የደኅንነት ካሜራ ለቀመ። የረቀቀ ዘዴ አልነበረውም፤ ፋብሪካው የሰጣቸውን ከ60 በላይ ዩዘርኔምና ፓስወርዶች በተራ እየሞከረ ይገባ ነበር። ከእነሱ ውስጥ "አድሚን፣ አድሚን" አለበት። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር እነዚያ ምስኪን ሣጥኖች ባንድ ላይ ታዝዘው ዳይን የተባለውን ኩባንያ አጨናነቁ፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ብዙ ድረ ገጾች በአሜሪካ ለሰዓታት ተቋረጡ። በኅዳር ደግሞ የሚራይ ዘመድ የሆነ ሌላ ቫይረስ የጀርመኑን ዶይቼ ቴሌኮም 900 ሺህ ገደማ ደንበኞች ከመስመር አወጣ። የሚራይ ፈጣሪዎች ሦስት ወጣት አሜሪካውያን ነበሩ፤ አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ነገሩን የጀመሩት ማይንክራፍት በሚባለው ጌም ሰርቨሮች ሽኩቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥታት የነቁት። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2020 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ሕግ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ (ሁሉም በእነሱ አቆጣጠር) ለሁሉም አንድ ዓይነት በሆነ ፓስወርድ ዕቃ መሸጥን ከልክለዋል። አዳዲሶቹ ራውተሮች ጀርባቸው ላይ የተዘበራረቀ ፓስወርድ ተለጥፎ የሚመጡት ለዚህም ነው። እኛ ግቢ ግድግዳ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የድሮው ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ፎቶ አንሡ። ገብታችሁ "ዋን" ወይም "ኢንተርኔት" የሚለውን ገጽ ክፈቱና ያለውን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጉ። በተለይ በኤዲኤስኤል መስመር ላይ ፒፒፒኦኢ የሚባል ነገር ታያላችሁ፤ እዚያ ያለው ዩዘርኔም ራውተሩ ቴሌ ጋር "እኔ የእገሌ መስመር ነኝ" ብሎ የሚታወቅበት ነው። ፓስወርዱ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን መስመሩ ሲገባ የተሰጣችሁን ወረቀት ፈልጉና አብራችሁ አስቀምጡ። "ባክአፕ" የሚል ካለም ፋይሉን አውርዱ።

ይህንን የማጥብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ራውተሩ ጀርባ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ሪሴት ትባላለች። ኔት በጠፋ ቁጥር እሷን የሚወጋ ሰው በየቤቱ አለ። ሪሴት ማጥፋትና ማብራት አይደለም። ሁሉንም ሴቲንግ አጥፍቶ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ ፓስወርዱም "አድሚን" ይሆናል፣ የፒፒፒኦኢውም መረጃ ይጠፋል። ሺንሺቾ ያለ አንድ ዘመዴ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኔቱ ዘገየ ብሎ ወጋት። ከዚያ በኋላ ዋይፋዩ ይታያል፣ ስልኩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። የመስመሩን ወረቀት ከሣጥን ግርጌ እስኪያገኙት አምስት ቀን ፈጀ። ሶኬቱን ነቅሎ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ቢሰካው ኖሮ ቡና ሳይፈላ ይመለስ ነበር።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ የአድሚኑን ፓስወርድ ቀይሩ። ቦታው እንደ ሥሪቱ "ሲስተም"፣ "ሜንተናንስ"፣ "አድሚኒስትሬሽን" ወይም "አካውንት" በሚል ስር ይገኛል። ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ይሁን፤ አንድ ካደረጋችሁት ምንም አልሠራችሁም። ረዥም ቢሆን ይሻላል። አራት የማይገናኙ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ፣ ለምሳሌ አንዱን ከወጥ ቤት፣ አንዱን ከገበያ፣ አንዱን ከእርሻ፣ አንዱን ከሰማይ፣ ለመያዝም ቀላል ለመገመትም ከባድ ነው። ስልክ ቁጥርና የልጅ ስም አይሁን። የግቢው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ደብሊውፒኤስ የሚለውን አጥፉት፤ በስምንት አኃዝ ቁጥር የሚያስገባው ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በ11 ሺህ ሙከራ ብቻ እንደሚሰበር ታውቋል፣ ለኮምፒውተር ደግሞ ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። "ሪሞት ማኔጅመንት" የሚለው ከውጭ ሆኖ መግባት ስለሚፈቅድ ለቤት ሰው አይጠቅምም። የዋይፋዩ ምስጠራ "ደብሊውፒኤ2" ወይም "3" ይሁን። "ጌስት ኔትወርክ" ካለው ለእንግዳ እሱን ስጡ፤ እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ በብዙዎቹ ላይ የአድሚኑን ገጽ ግን አያይም።

ብሎክ ማድረግ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በከንቱ የሚደክመው እዚህ ነው። ራውተሩ ስልክን የሚለየው ማክ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው። ድሮ ይህ ቁጥር የማይለወጥ የስልኩ መታወቂያ ነበር። አንድሮይድ ከ10ኛው፣ አይፎን ከ14ኛው ሥሪት ጀምሮ ግን ስልኩ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የፈጠራ ቁጥር ያቀርባል። ስለዚህ ዛሬ ብሎክ ያደረጋችሁት ልጅ ሴቲንጉን ነካ አድርጎ በሌላ ቁጥር ይገባል፤ "አራት ስልክ አለው" ብላችሁ ትገረማላችሁ። በተቃራኒው "የተፈቀደላቸው ብቻ ይግቡ" ብላችሁ ዝርዝር ከሠራችሁ አንድ ቀን አከራይዋ ራሳቸው ውጭ ይቀራሉ። ከማገድ ማካፈል ይሻላል። ራውተራችሁ "ኪውኦኤስ" ወይም "ባንድዊድዝ ኮንትሮል" ካለው ለአንድ ስልክ ከ2 ሜጋ በላይ እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል። 2 ሜጋ ለ480 ጥራት ቪዲዮ በቂ ነው፤ ማንም አይጠፋበትም፣ ማንምም አይጠቀልለውም።

ይሄ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መጀመሪያ የነበረው ነው። አዲሱን የአድሚን ፓስወርድ ማን ይያዝ?

በሀድይኛም በከምባትኛም "ሴራ" የሚባል ቃል አለ። በአማርኛ የለመድነው ተንኮል ማለት አይደለም። ሰው አብሮ የሚኖርበት ደንብ ነው፤ ለቅሶ ላይ ማን ምን ያዋጣል፣ የቀረ ምን ይቀጣል፣ የተጣላን ማን ያስታርቃል የሚለው ሁሉ በሴራ ነው። በግቢያችን ዋይፋይ ላይ የነበረን የአማርኛው ሴራ ነው፤ የጎደለን የሀድይኛው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን የፈጀችው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተን መጀመሪያ የሚነገረን የጋሬት ሃርዲን የ1968 ጽሑፍ ነው፤ የጋራ ግጦሽ ሁሉም ከብቱን እየጨመረበት መጥፋቱ አይቀርም የሚለው። ኦስትሮም ግን የመስኖ ውሃ፣ ግጦሽና ዓሣ ለዘመናት በጋራ ሲጠቀሙ የኖሩ መንደሮችን አጥንታ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ካወጡት፣ የሚካፈለው ማን እንደሆነ ከታወቀ፣ የሚጠብቀው ሰው ተጠያቂ ከሆነ የጋራ ነገር እንደሚዘልቅ አሳየች። ፈተና ላይ ጽፌው ወጥቻለሁ። የገባኝ ግን ግቢ ውስጥ ነው።

ከኳሱ ልጅ ታሪክ በኋላ የግቢው ሰው ቡና ላይ ተሰበሰበ። "ቴክኒክ የሚችል ይያዘው" የሚል ሐሳብ ቀረበ። ቴክኒክ የሚችለው ደግሞ ያው ልጅ ነው! ሳቅ ሆነ። በመጨረሻ የተወሰነው ማንም ያልጠበቀው ነው፤ ፓስወርዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ በፖስታ ታሽጎ ለአከራያችን ተሰጠ። አከራያችን ስማርት ስልክ የላቸውም። "እኔ ምኑን አውቄው?" አሉ። የተመረጡት ስለማያውቁት ነው፤ ኳስ አያዩም፣ ፊልም አያወርዱም፣ ለማንም የሚያደሉበት ምክንያት የላቸውም። የዕድር ደብተራቸው መሃል አስገቡት። ሴቲንግ መንካት የፈለገ ሰው ሌላ አንድ ተከራይ ይዞ ይመጣል፣ ፖስታው ይከፈታል፣ ሥራው ይሠራል፣ ፓስወርዱ ተቀይሮ አዲስ ፖስታ ይታሸጋል። ልጁም አልተባረረም፤ እጁ እሱ ስለሆነ የሚሠራው እሱ ነው፣ ብቻውን ግን አይደለም። ተከራይ ሲለቅ የዋይፋዩ ፓስወርድ ይቀየራል። እሑድ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ከባድ ነገር አይወርድም፤ ያ ሰዓት የደቡብ አፍሪካ ነው።

ይህ ለሁሉም ግቢ ይሠራል ብዬ አልከራከርም። የየቤቱ ጉዳይ ይለያያል። ዱራሜ አካባቢ ያየሁት አንድ ቤት መስመሩን ያስገባው አሁን ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድም ነው። መስመሩ በስሙ፣ አድሚኑ በጭንቅላቱ፣ ክፍያውም ከእሱ። ፍጥነቱን ለመቀየር በስሙ የተመዘገበ ሰው ይፈለጋል፤ ሴቲንግ ለመቀየር ደግሞ ኬፕ ታውን ተደውሎ ይለመናል። እናትየው "ልጄ ከዚያ ሆኖ ቤቱን ይጠብቃል" ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ታናናሾቹ ግን የታሰሩ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቢያንስ የአገልግሎት ቁጥሩ፣ የፒፒፒኦኢው ወረቀትና የአድሚኑ ፓስወርድ ግልባጭ ቤት ውስጥ መኖር አለበት፤ ሰውዬው ስልኩ ቢጠፋበት ወይም ቢታመም ቤቱ ጨለማ እንዳይሆን።

ሪሴት ማድረግ ትክክል የሚሆንበት አንድ ጊዜ አለ፤ ራውተሩን ስትሸጡ ወይም ለሰው ስትሰጡ። አሮጌ ራውተር ሶኬት ቢነቀልም አይረሳም። አንድ ጓደኛዬ ሆሳዕና ሁለተኛ እጅ ቲፒሊንክ ገዝቶ ሲሰካው የቀድሞው ቤተሰብ ዋይፋይ ስም ብቅ አለ። አድሚን፣ አድሚን ብሎ ገባ፤ የዋይፋዩ ፓስወርድ በግልጽ ተጽፏል፣ የፒፒፒኦኢው ዩዘርኔም አለ፣ የታገዱ ስልኮች ዝርዝርም እስከነስማቸው ቁጭ ብሏል። አራት ናቸው። ሦስቱ የጎረቤት ልጆች ይመስላሉ። አራተኛው "ማሚ" ይላል።